ተማሪዎቻችን «አልፈርምም» ማለትን የት ይማራሉ?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 አንድ የቦይንግ መሐንዲስ ለባልደረቦቹ በኢሜይል ጥያቄ አቀረበ። በ737 ማክስ አውሮፕላን ላይ የሚገጠመው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት መረጃ የሚቀበለው አፍንጫው ምን ያህል ቀና እንዳለ ከሚያሳይ አንድ የማዕዘን መለኪያ ብቻ ከሆነ፣ ያ መለኪያ ቢበላሽ ለአደጋ አንጋለጥም ወይ? የሚያመሳክረውስ ሌላ ነገር አለ? ጥያቄው ልክ ነበር፤ ጊዜውም አልረፈደም ነበር። አውሮፕላኑ ሥራ ሲጀምር ግን ኤምካስ በዚያው በአንድ መለኪያ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 በኢንዶኔዢያ አንድ 737 ማክስ ተከስክሶ 189 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከቦሌ የተነሣው ሌላ 737 ማክስ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ተከሰከሰ፤ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ሰነዶቹን አገላብጦ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው ሪፖርት ውስጥ ከዚያ ኢሜይል ሌላ ብዙ ያልተወራለት አንድ የውስጥ መጠይቅ አለ። መጠይቁን እ.ኤ.አ. በ2016 ያካሄደው ቦይንግ ራሱ ነው። የተጠየቁት የመንግሥትን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ወክለው የኩባንያውን ሥራ የሚያረጋግጡ የቦይንግ ሠራተኞች ነበሩ። መልስ ከሰጡት መካከል 39 በመቶው አላስፈላጊ ጫና እንደሚታያቸው ገለጹ። 29 በመቶው ደግሞ ጫናውን ሪፖርት ቢያደርጉ የሚከተለው ነገር እንደሚያሰጋቸው ተናገሩ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ቁጥር ነው። እንጀራቸው «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ከሆነ ባለሙያዎች ውስጥ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ያንን ቃል ለመናገር ይፈራ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ክፉና ደጉን መለየት ያቃታቸው አልነበሩም። እውቅና ባላቸው የአሜሪካ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች ተማሪው የሙያ ሥነ ምግባርን ሳይማር አይመረቅም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፦ የታያቸውን ችግር ሳይረፍድ፣ ሊወስን ለሚችል ሰው፣ ችላ ሊባል በማይችል ቃል ማድረስ። የሥራ ቦታ ሥነ ምግባር ከዕውቀትነቱ ይልቅ ክህሎትነቱ ያመዝናል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ክህሎት ደግሞ አፍን አላቅቆ፣ እየተሳሳቱና እየታረሙ በመለማመድ እንጂ በንባብ ብቻ አይገኝም። የእኛ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች እስካሁን የያዙት ንባቡን ነው።

የሥነ ምግባር ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነበር። በደርግ ጊዜ ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ወሰደው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ የአንድ ትውልድ ተማሪም አሥራ አንዱን እሴቶች በቃሉ ያዘ፦ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታና ከሕግ የበላይነት ጀምሮ እኩልነትን፣ ፍትሕን፣ አገር ወዳድነትን፣ ኃላፊነትን፣ ታታሪነትን፣ ራስን መቻልን፣ ቁጠባን፣ ንቁ ተሳትፎን፣ እስከ ዕውቀትን መሻት ድረስ። አሁን ያለው ሥርዓተ ትምህርት በታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብን መልሶ አምጥቷል፤ ከፍ ሲል የዜግነት ትምህርት ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪም በአንደኛ ዓመቱ የሞራልና ሥነ ዜጋ ኮርስ ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ኃላፊነት የሚባል ነገር መኖሩን ያልሰማ ልጅ ሲጎድል ሊያስተውለው አይችልም። ችግሩ ተማሪው የሚፈተንበት መንገድ ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ የታታሪነት መገለጫ ያልሆነው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ የመለሰ ተማሪ ቃሉን አስታወሰ እንጂ ምን እንደሚያደርግ አላሳየም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚቀመጡበት የመውጫ ፈተናም በምርጫ የሚሠራ በመሆኑ፣ የትምህርት ክፍሎች ጉልበታቸውን ሊመረጥ ወደሚችል መልስ ማዞራቸው አይቀርም። በሥራ ቦታ ግን ጥያቄው «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ተብሎ አይቀርብም። በአብዛኛው ጥያቄ መስሎም አይመጣም፤ የተለመደ የሥራ ትእዛዝ ሆኖ፣ ፈገግ ባለ አለቃ አፍ፣ ከምሳ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ይመጣል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ልዘርዝረው። ታሪኩ ምናባዊ ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሠራ ሰው ግን እንግዳ አይሆንም።

የሰኔ የመጨረሻው ሳምንት ነው። በአካውንቲንግ የተመረቀች የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት በአንድ ጤና ጣቢያ ንብረት ክፍል ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። ለጤና ጣቢያው የማዋለጃ አልጋዎች እንዲገዙ ጨረታ ወጥቶ አሸናፊው ድርጅት ታውቋል፤ ዕቃው ግን «መንገድ ላይ ነው» ይባላል። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ኃላፊው ወደ ቢሮዋ ጎራ ይሉና «ሞዴል 19 ቁረጪና ፈርሚ፤ ዕቃው በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» ይሏታል። ሞዴል 19 ዕቃው በዓይን ታይቶ፣ ተቆጥሮ፣ መጋዘን መግባቱን የሚመሰክር ደረሰኝ ነው። እሱ ሲፈረም የክፍያው መንገድ ይከፈታል።

እዚህ ላይ ኃላፊውን ሌባ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ እንዲያ ካደረግነው ግን ትምህርቱ ይሞታል። ኃላፊው ሌባ ላይሆኑ ይችላሉ። ባለፈው ዓመት ገንዘቡ ተመልሶ እናቶች በተሰበረ አልጋ ላይ ሲወልዱ አይተው ይሆናል። ልጅቷ «አይሆንም» ካለች አልጋዎቹ ሌላ ዓመት ሊዘገዩ ይችላሉ። ከፈረመችና አቅራቢው ቃሉን ከጠበቀ የተጎዳ ሰው የለም። አቅራቢው ከዘገየ፣ አሥር የተባለውን ስድስት አድርጎ ካመጣ፣ ወይም ከናሙናው ያነሰ ዕቃ ካራገፈ ግን ገንዘቡ ሄዷል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ስምም የእሷ ነው። በአንድ በኩል የወላዶች ጥቅም፣ በሌላ በኩል የምስክርነቷ እውነትነት። ሁለቱም ኃላፊነት ይባላሉ። አሥራ አንዱን እሴቶች በቃሏ ብትወጣቸውም የትኛው ኃላፊነት እንደሚቀድም አይነግሯትም።

ጥሩ መምህር ይህን ጉዳይ ክፍል ውስጥ ሲያቀርብ «ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ አይጀምርም። እንዲያ ከጠየቀ ተማሪው ሁሉ «አልፈርምም» ይላል፤ ክፍል ውስጥ እንዲህ ማለት ምንም አያስከፍልምና። መምህሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያልታወቀው ነገር ምን እንደሆነ ነው። አቅራቢውን የደወለለት አለ? ዕቃው ተጭኗል ወይስ ገና ፋብሪካ ነው? ከፊሉ ሊደርስ ይችላል? ውሉ ላይ የመረከቢያው ቀን መቼ ነው? የፋይናንስ ባለሙያው ተጠይቋል? ተማሪዎች እነዚህን ሲደረድሩ «ፈርሚ» እና «አትፈርሚ» በሚሉት መካከል ሰፊ ሜዳ እንዳለ ያያሉ። የደረሰውን ያህል ብቻ ቆጥሮ መረከብ አለ። በጀቱ እንዳይቃጠል ሕጉ የሚፈቅደው መንገድ ካለ በጽሑፍ መጠየቅ አለ። የውስጥ ኦዲተሩን አስቀድሞ ማማከር አለ። ብዙው የሥራ ቦታ ፈተና የሚፈታው በዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ ወጣቱ ግን በድንጋጤ ሁለት በር ብቻ ይታየዋል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክፍል በእኛ ዘንድ ፈጽሞ የሚዘለለው ነው፤ ቃሉን ጮክ ብሎ መናገር። ተማሪዋ ትነሣለች፤ መምህሩ አለቃ ሆኖ ይቀመጣል። እሷም ለምሳሌ እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ አልጋዎቹ እንዳይቀሩብን እኔም እፈልጋለሁ። ዕቃው ሲደርስ ማታም ቢሆን መጥቼ እረከባለሁ። ያላየሁትን ግን ተረክቤያለሁ ብዬ መፈረም አልችልም። አሁኑኑ አቅራቢውን እንደውልለትና የት እንደደረሰ እንወቅ፤ ለቀረው ፋይናንስ ምን እንደሚፈቅድ አብረን እንጠይቅ።»

ንግግሩን ልብ ብሎ ላየው ብዙ ነገር ይዟል። ግቡን ከአለቃዋ ጋር ትጋራለች፤ ስለዚህ ተቃዋሚ አይደለችም። የምታደርገውን ከማታደርገው አስቀድማ ትናገራለች። እምቢታዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ማንንም አልከሰሰችም፣ ስለ ሙስናም አልሰበከችም። በመጨረሻ ሁለቱም ሊሄዱበት የሚችሉበትን ቀጣይ እርምጃ ከፍታለች። አክብሮቷም አልጎደለም። የእኛ አገር ወጣት ትልቅ ሰው ፊት ቃል መመለስ ነውር እንደሆነ ሰምቶ ስላደገ፣ እምቢ ማለትና መድፈር አንድ ይመስሉታል። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን በጆሮው ሰምቶ፣ በአፉ ሞክሮ ካላየው አያምንም።

ልምምዱ እዚህ ላይ ካቆመ ግን ግማሽ ነው። አለቃው ይመልሳሉ፤ የሚመልሱትም ቢሮ ውስጥ የኖረ ሁሉ የሚያውቀውን ነው። «ትናንት ገብተሽ ዛሬ አሠራር ልታስተምሪን ነው?» ወይም «ሁሉም መሥሪያ ቤት በሰኔ የሚያደርገው ነው።» ወይም ደግሞ «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ፤ አንቺ ፈርሚ።» ተማሪዋ ለእነዚህ መልስ እስክታገኝ ድረስ መደጋገም አለባት። በተለይ ሦስተኛው ብዙ ሰው የወደቀበት ነው፤ በሕግ ፊት ግን እንደሚመስለው አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሕገወጥነቱን እያወቀ የበላዩን ትእዛዝ የፈጸመን የበታች ሠራተኛ ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣውም። «አለቃዬ አዝዞኝ ነው» የሚለው ቃል ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ ፊርማውን አያነሣም። ይህን አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ የሚመረቅ የአካውንቲንግ ተማሪ ከብዙ ምዕራፍ በላይ ተምሯል።

ይህ ዓይነቱ አስተማሪነት የራሱ ባለቤቶች አሉት። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሜሪ ጀንቲሌ ለንግድ ትምህርት ቤቶች ያዘጋጁት ሥርዓተ ትምህርት የሚነሣው «ትክክለኛው ነገር ምንድን ነው?» ከሚለው አይደለም። «ትክክለኛውን አውቄዋለሁ፤ እንዴት አድርጌ አስፈጽመዋለሁ? ለማን፣ ምን ብዬ?» ከሚለው ነው። ተማሪው ቃሉን አስቀድሞ እንዲጽፍና እንዲናገር ይደረጋል። ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ከተለመደው የሥነ ምግባር ትምህርት ጋር ሆድና ጀርባ ነው፤ የተለመደው ትምህርት ተማሪው ትክክለኛውን እስኪያውቅ ለፍቶ፣ አስቸጋሪው ነገር ሲጀምር ይተወዋልና።

ማወቅና ማድረግ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመውን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹን የዳርሊንና የባትሰንን ጥናት ማስታወስ ይበቃል። ተጠኚዎቹ በፕሪንስተን የሥነ መለኮት ተማሪዎች ነበሩ። ከአንድ ሕንጻ ወደ ሌላ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው፤ የአንዳንዶቹ ንግግር ርእስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ሰው እያቃሰተ ወድቆ ያገኛሉ። ጊዜ የነበራቸው 63 በመቶው ቆመው ረዱ፤ ረፍዶባችኋልና ፍጠኑ የተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። አንዳንዶቹ በልባቸው ስለ ምሕረት እያሰላሰሉ ምሕረት የሚያሻውን ሰው ተሻግረው አለፉ። ሰኔ 30 ለመሥሪያ ቤቶቻችን ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥናት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ተማሪው ጥድፊያ ራሱ አደጋ መሆኑን፣ «ዛሬውኑ ካልሆነ» የሚለው ቃል ሲመጣ ቆም ማለት እንዳለበት ሊማር ይገባል። ሲቻልም ልምምዱ ሰዓት ተቆጥሮበት፣ መምህሩ በር ላይ ቆሞ እያጣደፈው ቢሆን ይመረጣል።

መናገር በሥልጠና ሊመጣ መቻሉን የሚያሳየው ከሁሉ የጠራ ማስረጃ ያለው ደግሞ አብራሪዎች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኬኤልኤም አውሮፕላን እየተንደረደረ ሳለ የበረራ መሐንዲሱ የፓን አም አውሮፕላን መንገዱን አለቀቀም ይሆን ብሎ ጠይቆ ነበር። ዋና አብራሪው በእርግጠኝነት ለቅቋል የሚል መልስ ሰጡ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ አቅራቢያ የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን በአየር ላይ እየዞረ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ሠራተኞቹ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ለዋና አብራሪው በጽናት አልነገሩም። በእነዚህና በመሳሰሉት አደጋዎች መነሻነት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ባለሙያዎችን ሰበሰበ፤ ዩናይትድም እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የበረራ ቡድን አባላትን በጋራ ማሠልጠን ያዘ። ረዳት አብራሪው የሚያየውን፣ የሚያሰጋውን፣ የሚያቀርበውን መፍትሔ በግልጽ እንዲናገርና መልስ እንዲጠይቅ፣ ካልተሰማም እንዲደግም ይሠለጥናል። ዋና አብራሪውም ይህን መስማት ይማራል። ዛሬ ሥልጠናው በዓለም አቀፍ የአቪዬሽን መመዘኛ ውስጥ የገባ ነው፤ የእኛ አገር አብራሪዎችም ይወስዱታል። ስለዚህ «የእኛ ባህል ለአለቃ መናገርን አይፈቅድም» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። በዚሁ ባህል ያደጉ ሰዎች ሥራቸው ግድ ሲላቸው ተምረውታል። ያልተማሩት ያላስተማርናቸው ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ሥነ ምግባር ከቤት ይወጣል፣ ሃያ ዓመት የሞላውን ሰው ዩኒቨርሲቲ ምን ሊጨምርለት ይችላል የሚል። ቤተሰብ ያሳደገውን ልብ አልንቅም። ይሁን እንጂ የትኛዋ እናት ስለ ሞዴል 19 ለልጇ ነግራ ታውቃለች? የትኛው አባት ስለ ግንባታ ክፍያ ሰርተፍኬት፣ ቤት ሳይገባ ስለሚሞላ የጥናት መጠይቅ፣ በመስክ ላይ ላልታደረ ሌሊት ስለሚፈረም ውሎ አበል ለልጁ አስረድቷል? በጎ ልብ ያለው ወጣት የሚሳሳተው ነገሩ የሥነ ምግባር ጉዳይ መሆኑን ሳያስተውል ነው፤ የሙያው ወግ ይመስለዋል። ያንን ሊያሳየው የሚችለው ሙያውን የሚያውቅ መምህር ነው። የሥነ ምግባር ትምህርት በአንደኛ ዓመት በአንድ የጋራ ኮርስ ተጠናቅቆ መቅረቱን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። የኦዲት መምህር በኦዲት ኮርስ፣ የኮንክሪት መምህር ናሙናው ተመርጦ ወደ ላቦራቶሪ ስለሚላክበት ዘዴ ሲያስተምር፣ የነርሲንግ መምህርት ተራ ስለሚጠብቁ ሕመምተኞችና ስለ ኃላፊው ዘመድ ስታስተምር ቢያነሡት ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ወጣቱን ተናገር ብለን ልከነው ቢባረርስ? ሥራ ለማግኘት ዓመታት የጠበቀ፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር፣ የቤት ኪራይ ያለበት ልጅ ነው። ይህን ጥያቄ ያልመለሰ የሥነ ምግባር ትምህርት ጨካኝ ነው ብዬ አምናለሁ። የማስወንጨፊያውን ሮኬት በሠራው ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮጀር ቦይዦሊ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቻሌንጀር የተባለችው መንኩራኩር በዚያ ብርድ እንዳትመጥቅ አጥብቆ ተከራክሮ ነበር። የኩባንያው ኃላፊዎች አትምጠቅ የሚለውን ምክር ገለበጡት፤ በማግስቱ ሰባት ጠፈርተኞች ሞቱ። ቦይዦሊ ለመርማሪው ኮሚሽን እውነቱን ከመሰከረ በኋላ በሥራ ቦታው ተገለለ፤ ኩባንያውንም ለቀቀ። ቀሪ ዘመኑን በየዩኒቨርሲቲው ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ሲያስተምር ኖረ። ትክክለኛውን ነገር፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ለትክክለኛዎቹ ሰዎች ተናግሮ ነበር፤ አልተሰማም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛው፣ የሚናገረውን ብቻ ማሠልጠን አይበቃም። ዛሬ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ከአሥር ዓመት በኋላ አለቃ ነው። ስለዚህ በልምምዱ ላይ መምህሩ ብቻ አለቃ መሆን የለበትም፤ ተማሪዎቹም በየተራ ያንን ወንበር ይያዙ፤ የበታች ሠራተኛ ፈራ ተባ እያለ ሲናገር ምን ብለው እንደሚመልሱ ይታይ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ታየሽ?» ማለት ራሱ ልምምድ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ይህን ቃል ከአለቃ አፍ ሰምተን ስለማናውቅ ሲደርሰን አይመጣልንም።

ሁለተኛው፣ ተማሪው ከለላውን ከነወሰኑ ማወቅ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ ሂደት መሳተፉ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ትኩረቱ ግን ከባድ ወንጀሎች ላይ ነው። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች ተቋቁመዋል፤ የሚሠሩት ግን በዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ራሱን ኃላፊውን የሚነካ ጊዜ ሠራተኛው ቢያመነታ አይፈረድበትም። ሕጉ አለ፤ ሕጉ ብቻውን ግን ወደ መጋዘን ወይም ወደ መስክ የሚዛወረውን፣ ዕድገቱ በዝምታ የሚዘገየውን ልጅ አያድነውም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ተማሪው እምቢ የሚልበትን፣ በጽሑፍ አስመዝግቦ የሚያልፍበትን፣ ጠይቆ ብቻ የሚተውበትን ነገር መለየት ይማር። አንዳንድ ጊዜ ስህተት የመሰለው የሱ አለማወቅ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከመክሰስ በፊት መጠየቅን ይልመድ። ቀንና ሰዓት ያለው አጭር ማስታወሻ መያዝን፣ ብቻውን ከመቆም ይልቅ አንድ የሚያምነው ነባር ባልደረባ መፈለግን፣ ከተቻለም ለጥቂት ወራት የሚበቃ ቁጠባ ማስቀመጥን ይማር። አሥራ አንዱ እሴቶች ውስጥ ቁጠባ መግባቱ እዚህ ላይ እውነተኛ ትርጉም ያገኛል፤ በኪሱ የሦስት ወር ኪራይ ያለው ሰው «አልፈርምም» ለማለት ይቀለዋል።

ይህን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዩኒቨርሲቲው ራሱ በተግባር የሚያስተምረው ነው። ተማሪ የመጀመሪያውን የሐሰት ፊርማ የሚፈርመው መሥሪያ ቤት ገብቶ አይደለም። ላልመጣ ጓደኛው በስም መጥሪያ ወረቀት ላይ ሲፈርም ነው። አምስት ሆነው በተመደቡበት የቡድን ሥራ ሁለቱ ሠርተው አምስቱም ስም ሲጻፍ ነው። የልምምድ ጊዜውን በዘመድ ድርጅት ሳይሄድ አሳልፎ፣ የምዘናው ቅጽ ሙሉ ነጥብ ተሞልቶና ማኅተም ተመትቶ ሲመጣ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ የመመረቂያ ጽሑፍ እናዘጋጃለን የሚሉ ኮምፒውተር ቤቶች ማስታወቂያቸውን በግልጽ የሚለጥፉት ደንበኛ ስላላቸው ነው። የስም መጥሪያው ወረቀትና ሞዴል 19 በባሕርያቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ያልሆነን ነገር ሆኗል ብለው ይመሰክራሉ። አራት ዓመት ሙሉ እያየ ያለፈ መምህር በአምስተኛው ዓመት ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ሲናገር ተማሪው የቱን ይመን?

ለጓደኛ አለመፈረም ከአለቃ ፊት ከመቆም ይከብዳል የሚሉኝ ተማሪዎች ይኖራሉ፤ እውነታቸውን ነው። አለቃ ይቀየራል፤ የማደሪያ ክፍል ጓደኛ ግን ማታ ማታ ፊት ለፊት ነው፤ ይሉኝታውም ከባድ ነው። ለዚህም ነው ልምምዱ ከዚያ መጀመር ያለበት። «ወንድሜ፣ ልፈርምልህ አልችልም፤ መምህሩን አብረን እናናግረው፤ ኖቴን ግን ውሰድ» ማለት የቻለ ልጅ ከሰኔ 30 ውጣ ውረድ ግማሹን ተሻግሯል።

ይህን ለመጀመር የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ መጠበቅ አያስፈልግም። በአብዛኛው ዲፓርትመንት ተማሪዎች ለልምምድ ከመውጣታቸው በፊት አንድ የማብራሪያ ስብሰባ አለ፤ ስለ ሪፖርት አጻጻፍና ስለ ነጥብ አሰጣጥ ይነገራል። በዚያው ስብሰባ ላይ ግማሽ ቀን ጨምሮ ባለፈው ዓመት የወጡ ተማሪዎች ያጋጠማቸውን ማቅረብ ይቻላል፤ የድርጅትና የሰው ስም ሳይጠቀስ፣ አንድ አንድ ገጽ ተጽፎ። ሳይት ላይ ፌሮ ሳይቆጠር ኮንክሪት ሲሞላ ያየው የሲቪል ተማሪ፣ ሁለት ዓይነት የሂሳብ መዝገብ ያየችው የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ያልወሰደውን የደም ግፊት መጠን በካርዱ ላይ እንዲጽፍ የተነገረው የነርሲንግ ተማሪ፣ ሁሉም የሚሉት አላቸው፤ እስካሁን የጠየቃቸው የለም። ሲመለሱ ደግሞ ከሪፖርታቸው ጋር ሌላ አንድ ገጽ ይጨምሩ፦ ምን አየሁ፣ ምን አልኩ፣ ምን ሳልል ቀረሁ፣ ደግሜ ባገኘው ምን እላለሁ። ነጥብ የሚሰጠው ለጀግንነት ሳይሆን ጉዳዩን በትክክል ለማየትና ለመጨረሻዋ ጥያቄ ለሚጻፈው መልስ ነው። መልሱንም ተማሪው በሁለት መምህራን ፊት ጮክ ብሎ ይናገረው። ለልምምድ በሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ ግርጌ ደግሞ፣ ተማሪው የማይገባ ነገር እንዲፈርም ቢጠየቅ በማንኛውም ሰዓት ሊደውልለት የሚችል የአንድ መምህር ስምና ስልክ ቁጥር ይጻፍ፤ ያ መምህር ስልኩን ማንሣት የሥራው አካል ተደርጎ ይቆጠርለት።